ውዳሴ ለብስጭት ነጋድያን

ቀደምት አበው ትዕግሥትን ይማሩ ዘንድ ገዳም ወርደው ጥሬ ሲቆረጥሙ፣ የወሎ ሼኾችም ኸልዋ ገብተው ሌሊቱን በተስቢሕ ሲያነጉ የኖሩት፣ ምን ይደረግ፣ ስማርት ስልክ ሳይፈጠር በመወለዳቸው ነው፤ ዛሬ በጃማ ወረዳ በደጎሎ ከተማ ከሱቅ ደጃፍ የተቀመጠ ጎረምሳ በ«ካንዲ ክራሽ» 5ቱን ነፍሱን የጨረሰ እንደ ሆነ፣ አንዲቱ እስክትመለስለት 30 ደቂቃ እንደ ባሕታዊ አቀርቅሮ ይጠብቃል። ትንሣኤው እንዲፋጠንለት ከወደደ ይከፍላል። ትንሣኤን በችርቻሮ መሸጥ ለሊቃውንት እንኳ ያልተገለጸ ጥበብ ነውና፣ የጨዋታው ባለቤት «ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2016 ለ«አክቲቪዥን ብሊዛርድ» በ5.9 ቢሊዮን ዶላር መሸጡ አይድነቃችሁ።

ገዢውም በጥበብ የሚታማ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሥርዓት ጀማሪውን ተጫዋች ብርቱ መሣሪያ ከያዘ አርበኛ ጋር ሆን ብሎ ያጋጥመዋል፤ ምስኪኑም በተገደለ ቁጥር የገዳዩን መሣሪያ ይመኛል፣ ተመኝቶም ይገዛል፤ ከገዛ በኋላ በግዢው እንዳይጸጸት ያው መሣሪያ ወደሚያዋጣበት ግጥሚያ ይመራል። ኩባንያው ሥርዓቱን በጨዋታዎቹ ላይ እንዳላዋለው ተናግሯል፤ እኛም በየዋህነት አምነን፣ ለማይሠራበት ነገር መብት ለማስመዝገብ የደከመውን ድካም እናደንቃለን።

የእኛ ሰው ግን ሽንፈትን መነገድ አያውቅበትም ነበር። በእንቆቅልሽ የተረታ ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን፣ ለጋስ ከሆነም አዲስ አበባን ከነመርካቶዋ አስረክቦ ይገላገላል፤ ሰጪው ሳይጎድልበት፣ ተቀባዩም ሳይከብር፣ ተሳስቀው ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ይህን የሚያህል ኪሣራ ያለ ኦዲተር እስከ ዛሬ መቆየቱ ይገርማል! የዛሬው ተረቺ የሚያስረክበው አባቱ ስንዴ ሸጦ ያገኘውን ብር ነው፤ የ«ፍሪ ፋየር» ጨዋታ መገበያያ የሆነውን ዳይመንድ በቴሌግራም ከሚቸረችር ነጋዴ በቴሌብር ይገዛና የዕጣውን መንኮራኩር ያሽከረክራል፤ መንኮራኩሩም ከተመኘው ልብስ አጠገብ፣ ለጥቂት ሳተው በሚያሰኝ ቦታ ላይ ይቆማል፤ እርሱም ይምላል፣ ይራገማል፣ ደግሞ ይገዛል።

ምቀኛ አይጠፋምና ቤልጅግ እ.ኤ.አ. በ2018 ይዘቱ ያልታወቀ ሣጥን ለተጫዋች መሸጥን ቁማር ብላ ከለከለች፤ የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽንም በ2022 «ኤፒክ ጌምስ» በአሳሳች አዝራር ሳያስቡ ለገዙ የ«ፎርትናይት» ተጫዋቾች 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አስገደደ። ከዚያ ገንዘብ ለደጎሎ የተቈረጠ ድርሻ የለም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የቴሌብራችሁን የምስጢር ቁጥር ዛሬ ማታ ልጆች ሲተኙ ቀይሩ።