ለስሷ ናስ ጠበቃ ቆሜላታለሁ

«ጥፍር በማታህል ናስ ላይ ዓይንህን ልታጠፋ ነው» ይሉኛል የሰሜን ወሎዋ ሐራ ወዳጆቼ። ዓይኔ አብሽሩ፣ ደህና ነው! ለዓይን ካዘናችሁስ ሰማይ ላይ ያለፈውን ሁሉ «አውሮፕላን ነው» ብሎ ለሚያልፍ ዓይን እዘኑ። እኔ ቢያንስ የአብራሪው ቀበቶ በየት በኩል ዞሮ የት እንደሚቆለፍ አውቃለሁ።

ነገሩ ላልገባው ላስረዳ። የሞዴል አውሮፕላን ኪት በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ ስለሚገባ እንደልብ መቅጠን አይችልም፤ በጣም ከቀጠነ ሻጋታው አይሞላም፣ ቢሞላም ሲወጣ ይሰበራል። ስለዚህ ቀበቶው፣ የራዲያተሩ ወንፊት፣ የጎማው መዝጊያ በር ሁሉ ደንደን ብሎ ይመጣል። ናሷ የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው። ስስ የናስ ላሜራ ብርሃን የሚለውጠው ቅባት ይቀባል፤ ሥዕሉ ያለበት ፊልም ተደርቦበት አልትራቫዮሌት ይበራበታል፤ ከታጠበ በኋላ ፈሪክ ክሎራይድ ውስጥ ይገባል። ቅባቱ የከለለው ይተርፋል፣ ያልከለለው ይበላል። ከሁለቱም ፊት የተበላው ቀዳዳ ይሆናል፤ ከአንድ ፊት ብቻ የተበላው ግማሽ ውፍረት ይዞ ይቀራል፣ እሱ መታጠፊያው ነው።

«ይኼ ሁሉ ለመጫወቻ?» አለኝ አንዱ፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ።

መጫወቻ ከማለትህ በፊት ሒሳቡን ሥራ፣ ወንድም ዓለም! በ1ለ72 ልኬት አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው አውሮፕላን 7 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ነው። አንድ ሚሊ ውፍረት ያለው የፕላስቲክ በር ስትለጥፍ ለአብራሪው ከሰባት ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወፍር በር ገጠምክለት። ያን ተሸክሞ የሚነሣ ተዋጊ አውሮፕላን ካለ አምጣውና ላጨብጭብለት። በ0.1 ሚሊ ናስ ስሠራው ግን ወደ 7 ሚሊ ይወርዳል። አሁንም ከእውነተኛው ይወፍራል፤ ዓይን ግን ይቀበለዋል።

«ደሞስ ኮክፒቱ ከተዘጋ ማን ሊያየው?»

ይቺን ጥያቄ የማትጠይቅ ነፍስ የለችም። ጋሼ፣ አንቱስ ከጋቢው ሥር ያለውን ሸሚዝ አጥበው የሚለብሱት ማን ሊያይልዎ ነው? ደግሞ ሁሉም ኮክፒት አይዘጋም። አዲስ አበባ ላይ በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ያረፈው ፖቴዝ 25 ክዳን የለውም። አብራሪው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ነው የሚበረው። የእሱን ሞዴል የሚሠራ ሰው ወንበሩን፣ ቀበቶውን፣ የመሣሪያ ሰሌዳውን የሚደብቅበት ቦታ የለውም። ክንፉ ድርብ ነው፣ ከጫፍ ጫፍ 14 ሜትር ያህል፤ በ1ለ72 ሃያ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በዚያች ስፋት ላይ የወፈረ ነገር ሁሉ ከሩቅ ይጮኻል።

እስቲ አንዷን ቀበቶ አብረን እንሥራት፣ የሚስቀውም ቀረብ ይበል። ናሷ ፍሬሟ ላይ እንዳለች ሴራሚክ ላይ ትነጠፋለች፤ እንጨት ላይ ከሆነ ናሷ ወደ ታች ጎብጣ ትበላሻለች። ምላጩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ መጋዝ መጋዝ አይጫወትም። በሌላኛው እጅ ጣት ጫን ካላሏት ተፈናጥራ ትሄዳለች፤ ከሄደች ደግሞ ምንጣፍ ተገልብጦም አትገኝ። የቀረችውን ጉጥ በሞረድ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ከዚያ በወረንጦ ይዤ ሻማ ላይ አሳያታለሁ፤ ቀለሟ ሲለወጥ ከእሳቱ አወጣታለሁ። ናስ አንዴ ከጋለ በኋላ ይለሰልሳል፣ ግትርነቱን ይተዋል። ያኔ ወንበሩ ላይ አስተኝቼ በስንጥር ጫን ጫን ሳደርጋት እውነተኛ ጨርቅ እንደሚያርፈው ጠርዙን ተከትላ ታርፋለች። የፕላስቲክ ማጣበቂያ እዚህ ዋጋ የለውም፤ እሱ ፕላስቲክን እያሟሟ ነው የሚያያይዝ፣ ናስን ምን ያሟሟዋል? ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ፣ ያውም ጠብታ የማትባል። ካነሰ ቀበቶዋ ትነቀላለች፣ ከበዛ መቆለፊያዋ ይደፈናል። መስኮት መክፈት አይረሳ፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

የመሣሪያ ሰሌዳው ከዚህም ይጥማል። ናሷ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከኋላዋ የሰዓቶቹ መርፌና ቁጥር የታተመበት ፊልም ይገባል፤ ከፊልሙ ኋላ ነጭ ቀለም። ሲገጣጠም እያንዳንዱ ሰዓት ከጠርዙ ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ ልክ በእውነተኛው እንደሚታየው። በብሩሽ የተቀባ ሰሌዳ ይህን ጥልቀት አይሰጥም፣ እጅህ የቱንም ያህል ቢጠና።

ምላሴ ግን ለነቃፊ ብቻ አልተሾለም፤ ለሙያ ጓደኞቼም ይደርሳል። «ከፍሬሙ ላይ ያለውን ሁሉ ካልለጠፍኩ ገንዘቤ ከሰረ» የሚል አለ። ገንዘብህ የከሰረው ክቡን ዘንግ በጠፍጣፋ ናስ የተካህ ጊዜ ነው! ናሷ ጠፍጣፋ ናት፤ ጠፍጣፋ የሆነውን ስጧት። የመሪው ዘንግ፣ የነዳጅ ቧንቧው ክብ ነው፤ ክብ ሽቦ ቁረጥለት። ከፊት ሲያዩት ዘንግ፣ ከጎን ሲያዩት ወረቀት የሆነ መሪ ይዞ የሚበር አብራሪ እኔ አላውቅም።

«ሐራ ደግሞ ባቡር እንጂ አውሮፕላን ምኗ ነው?» አለ ሌላው፣ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን የሐዲድ ፕሮጀክት አስቦ። ለሐዲድ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ሰማይ ግን ከሐራም በላይ አለ። ባቡሩንም ቢሆን አልተውም፤ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎችም በዚችው በተበላች ናስ ነው የሚጠበቡ።

አንድ አባት ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ሕዝባችንን የፈጀውን ካፕሮኒ ለምን ትሠራዋለህ?» አሉ። ለእሳቸው ምላሴን አላሾልኩም። አባ፣ እንዲያምር አይደለም የምሠራው፤ እንዲታወቅ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። ከደሴ ወደ ማይጨው የወጣው ጦር ያለፈው በዚሁ በሰሜን ወሎ ምድር ነው፤ ከራሱ በላይ ያለውን እያየ። በዚያ ጦርነት የዋለው ካፕሮኒ 133 ሦስት ሞተር ነበረው፣ ክንፉም ከ21 ሜትር ይበልጣል። የዛሬ ልጅ «ቦምብ ጣለብን» ሲባል ይሰማል እንጂ የጣለው ምን እንደሚመስል አያውቅም። ሞተሩን፣ መስኮቱን፣ የቦምብ ማንጠልጠያውን በትክክለኛ ልኬት ሠርቼ እፊቱ ሳስቀምጥለት ሸማ ለብሶ ጋሻ ይዞ የወጣ ሰው ምን እንደገጠመው በዓይኑ ይለካዋል። የደነደነና የተደፈነ ሞዴል ጠላትንም ያቀልላል፣ የተዋጋውንም ሰው ያቀልላል። አባ ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ «እንግዲያስ አሳምረህ ሥራው» አሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ጸሐይን ታውቋታላችሁ? በ1928 ዓ.ም. እዚህ አገር ተሠርታ የበረረች፣ በልዕልት ጸሐይ ስም የተጠራች ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ነው የሠራት። ጣሊያን ወስዷት በሙዚየም ተቀምጣ ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. አገሯ ገባች። ሞተሯ ቫልተር ቬኑስ ነው፣ ባለ ሰባት ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት፣ የቼኮች ሥራ። በ1989 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ በናስ ጥቃቅን ክፍሎች ስሙ የገነነው ኤድዋርድም የቼክ ኩባንያ ነው። ሞተሯን የሠራ አገር ናሱንም ይሠራል፤ እኛ ደግሞ እሷን ይዘን ቁጭ ብለናል።

«ታዲያ ማን ይሥራልህ? ፋብሪካ የለን!» የምን ፋብሪካ! ፈሪክ ክሎራይድ እኮ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ሰርኪዩት ቦርድ የሚሠራበት ፈሳሽ ነው። ፊልሙ ያው፣ ብርሃኑ ያው፤ እሱ መዳብ ያስበላል፣ እኔ ናስ አስበላለሁ። ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ትምህርት አለ። የጎደለው ሜትርና ካሊፐር ይዞ ጸሐይ ፊት የሚቆም፣ የወንበሯን ስፋት፣ የሰሌዳዋን ቀዳዳ፣ የሰባቱን ሲሊንደር የእሳት ሽቦ ቀለበት ለክቶ የሚሥል ሰው ነው። ያቺ የሽቦ ቀለበት ደግሞ በፕላስቲክ አትሞከርም፤ ናስ ግን ይሸከማታል።

«ማን ይገዛዋል?» አለኝ ያው የባቡሩ ሰው፣ በረካው እየተቀዳ።

አንተ አትግዛ! የሐራ ልጅ ከማሽላ አገዳ አውሮፕላን ሲሠራ ገዢ ጠይቆ አያውቅም፤ ክንፏን ግን በጥርሱ ልጦ ያሳሳታል፣ ማንም ሳይነግረው። እሱን ከጸሐይ ፊት አቁሙልኝ፣ እናንተ ልኬቷን አምጡ። ማጠፉን ለእኛ ተዉት።