ዝቅ ብሎ የመክበር ጥበብ

ትንሿን ሞተሩን ሸጦ መካከለኛ ክሩዘር ለመግዛት የተነሣ የመቀሌ ነዋሪ ምርጫውን የሚመራበት ሥርዓት፣ በጥሞና ለመረመረው ሰው፣ በየትኛውም የምህንድስና መጽሐፍ የማይገኝ ጥበብ ያዘለ ነው። ሌላው ዓለም ሞተር ሳይክል ሲመርጥ የመንገዱን፣ የጭነቱንና የነዳጁን ነገር አስቀድሞ ሲያሰላ፣ የዚህ ጥበብ ተከታይ ግን በሁለት ጥያቄዎች ብቻ ይረካል፤ እነርሱም በሮማናት አደባባይ ሲያልፍ ቡና የሚጠጡት ሰዎች ቀና ብለው ያዩታል ወይ፣ «ስንት ሲሲ ናት?» ተብሎ ሲጠየቅስ የሚሰጠው ቁጥር ጠያቂውን ዝም ያሰኛል ወይ የሚሉት ናቸው።

ሲሲ ማለት ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ሲመላለስ የሚጠርገው ቦታ በኩብ ሴንቲ ሜትር የተለካ መጠን ነው፤ መሐንዲሶች ይህን የሞተር ስፋት መለኪያ ብቻ አድርገው ሲይዙት፣ የክሩዘር ወዳጆች ግን እንደ ቀኛዝማችና ደጃዝማች ያለ ማዕረግ መሆኑን ደርሰውበታል። በዚህ ሥርዓት ቦክሰር የምትባለው ባለ 150ዋ ትንሽ ሞተር ይቅርና ባለ 220ው አቬንጀር እንኳ፣ ቅርጹ የክሩዘር ሆኖ ሳለ፣ ቁጥሩ ስለሚያሳፍር ከጉባኤው ይገለላል፤ ባለ 349ኙ ሮያል ኤንፊልድ ሜቴዎር ግን 20 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ከፍ ባለ ወንበር ይቀመጣል። እርግጥ መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ አየሯም የሳሳ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ከሃያዎቹ ፈረሶች አራቱ ምጽዋ ባሕር ዳር ቀርተዋል ማለት ነው። ባለቤቱ ግን፣ ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ በተጠየቀ ቁጥር ሃያውንም ይቆጥራል። ይህችው ሜቴዎር በህንድ ለገበያ የቀረበችው ጥቅምት 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በትግራይ ጦርነት በተቀሰቀሰ በቀናት ውስጥ ስለነበር፣ ነዳጅ ጠፍቶ፣ ባንክ ተዘግቶና ስልክ ተቋርጦ ከተማዋ በእግርና በብስክሌት በሄደችባቸው የጦርነት ወራት ጥበቡ ሳይስፋፋ መቆየቱ በሊቃውንቱ ላይ እንደ ስንፍና ሊቆጠር አይገባም።

ክሩዘር የሚባለው፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ መሪው ወደ ነጂው የተሳበ፣ የእግር መርገጫው ወደ ፊት የወጣ፣ የፊት ሹካው ተዘርግቶ የቆመ ሞተር ሳይክል ሲሆን፣ አሜሪካውያን ሰፊና ቀጥ ያለ አውራ ጎዳናቸውን ቀኑን ሙሉ ተደላድለው እንዲሄዱበት ያበጁት ነው። የሆንዳ ሪቤል 500 መቀመጫ ከመሬት 690 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ የካዋሳኪ ቩልካን ኤስ ሆድ ደግሞ ከአስፋልቱ የሚርቀው 130 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ፍጡር የመቀሌን የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና ነዋሪው በየሰፈሩ በገዛ እጁ የሠራውን የፍጥነት መግቻ ሲያገኝ የሚሆነው ነገር ሊጠና የሚገባው ነው፤ ቦክሰር ነጂው ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ብሎ ሲያልፈው፣ ክሩዘረኛው ማርሚታው ድንጋዩን ፍቆ ሲጮህበት ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑን ይዞ ሞተሩን አግድም ያዞራል፣ ከ225 ኪሎ የሚበልጠውን ብረት በጎን እየገፋ ያሻግራል። የሰፈሩ ልጆች፣ ባለ ሱቁና መንገደኛው በሙሉ ቆመው ስለሚያዩት ግን የግዢው የመጀመሪያ ዓላማ እዚያው ላይ በተሟላ ሁኔታ ተፈጽሟል።

ወደ ማይጨው የሚወስደው፣ በአላጌ ተራራ ላይ የሚጠማዘዘው መንገድ ሌላው የጥበቡ መፈተኛ ነው፤ ዝቅ ያለ ሞተር ኩርባ ላይ ብዙ ሲያጋድል የእግር መርገጫው አስፋልት ስለሚነካ፣ ክሩዘረኛው በዝግታ እንዲሄድ ይገደዳል፣ ይህም እንደ ግርማ ሞገስ ይታይለታል። እስከ አዲስ አበባ ለመዝለቅ የሚያስብ ካለ፣ ዋና ከተማዋ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል ማሽከርከርን መከልከሏን ቢያስታውስ መልካም ነው፤ ባያስታውስም፣ ትራፊክ ፖሊሱ ያስታውሰዋል።

በቤት ውስጥ ያለው ጉዳይ ጥቂት ይከብዳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቦክሰር ሁለት ቢጫ ጀሪካን ከኋላ ታስሮበት፣ አንድ ልጅ ከፊት ተቀምጦበት የሚሄድ ሲሆን፣ የክሩዘሯ የኋላ መቀመጫ አንዱን ጀሪካን እንኳ በወግ አትሸከምም። ለዚህ የሚሰጠው መልስ እጅግ የረቀቀ ነው፦ ውኃውን ሚስቲቱ በባጃጅ ታምጣ። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠው ቢጫ ፈሳሽ ዋጋው ለቦክሰርም ለክሩዘርም አንድ ነው፤ የሚለያየው፣ ቦክሰሩ በአንዷ ሃይላንድ ሥራ ውሎ ሲገባ ክሩዘሯ በዚያችው መጠን ባለቤቷን ቡና ጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ማገልገሏ ነው። ስለ መለዋወጫ ማንሳት ነውር ነው፤ ለቦክሰር በየጋራዡ በራፍ የሚገኘው የፍሪሲዮን ሸራ ለክሩዘሯ ሲያስፈልግ፣ ከውጭ የሚመጣ የዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል፣ እስከዚያው ግን ሞተሯ በግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ የእንግዳ መቀበያ ጌጥ ትሆናለች።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ባለቤቱ በመጨረሻ ሊሸጣት ወስኖ ከደላላው ፊት ሲቀርብ፣ በአሮጌ ሞተር ንግድ ውስጥ ማንም የማያምነውን «ብዙም አልተነዳችም» የሚለውን ቃል ይናገራል፤ ደላላውም የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አጎንብሶ አይቶ፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያምነዋል።