ኪስህን ገልብጥ!

እ.ኤ.አ. በ2017 ፊጀት ስፒነር የምትባል፣ ጣት ላይ የምትሽከረከር ባለ ሦስት ክንፍ መጫወቻ የአሜሪካንና የእንግሊዝን ትምህርት ቤቶች አጥለቀለቀች። ሻጮቿ «ትኩረት ትሰበስባለች» አሉ፤ መምህራኑ «ትኩረት ትበትናለች» ብለው በብዙ ትምህርት ቤቶች አገዷት። ትልልቆቹ ስብሰባ ተቀምጠው፣ ለወላጅ ደብዳቤ ጽፈው ሲያበቁ ልጆቹ ሰልችቷቸው ጥለዋት ነበር። ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ፣ ልጆች በሚለዋወጡት የፖኬሞን ካርድ ላይ ይኸው መዓት ወርዷል።

የእኛዎቹ መች አነሱ? ብይ «ቁማር ያስለምዳል»፣ ሰኞ ማክሰኞ «ጫማ ይጨርሳል»፣ ቆርኪ ደግሞ «ከየት ቆሻሻ ለቅመህ ነው?» ይባልበታል። ዩኒት ሊደሩ ኪስ ያስገለብጣል፤ የተወረሰው ብይ መሳቢያ ገብቶ ወላጅ እስኪመጣ ይታሰራል።

የቆርኪው ነገር ግን ይገርም ነበር፤ የቢራ ቆርኪ ውስጥ የሽልማት ዕጣ ይታተም በነበረ ጊዜ። ጠዋት ልጁን የተቆጣው አባት ማታ ቢራውን ሲያስከፍት ቆርኪዋን ከአስተናጋጁ እጅ ይቀማ ነበር፤ ገልብጦ፣ ወደ መብራቱ አስጠግቶ፣ መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ውስጧን ያነብ ነበር። መኪና ቢወጣለትስ! እሱ ሲያደርገው ዕድል መሞከር ነበር፤ ልጅ ሲያደርገው ብልግና።

ጨዋታ ማጥፋት ለሚሹ ሁሉ አንድ ፍቱን መላ አለኝ፦ መከልከሉን ትታችሁ ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አስገቡት። ብይ የቤት ሥራ ይሰጥበት፣ ሚድና ፋይናል ይኑረው፣ ከመቶም ይታረም። በሁለተኛው ሳምንት ብይ የያዘ ልጅ ብትፈልጉ አታገኙም።