ቁራሌው በኪሎ፣ እኔ በዘውድ

«አንተ ቁራሌው! ዛሬ ደግሞ ምን ብረት ለቅመህ መጣህ?» ይለኛል ወዳጄ፣ የድሮ የኤርፖርት እሳት አደጋ ሠራተኞች የቆብ አርማ ይዤ ባየኝ ቁጥር።

ቁራሌው በኪሎ ነው የሚገዛው፤ እኔ በዘውድ ነው። የእንግሊዞቹን አርማ አንሣና አናቱን እየው። የዘውዱ ቅስት ክብ ብሎ ከወጣ የንጉሥ ነው፤ መሀሉ ላይ ሰርጎድ ካለ የንግሥት። ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1952 ከነገሠች በኋላ ነው የተለወጠው። አሁን ቻርልስ ነግሦ ክቡን መልሶታል፤ ስለዚህ ክብ ያየ ሁሉ አሮጌ አገኘሁ ብሎ እንዳይፈነድቅ!

«ሁሉም ያው አይደል እንዴ?»

ያው ቢሆንማ ምን አለፋኝ! አለቃው በተለወጠ ቁጥር አርማው ላይ ያለው ስም ይለወጣል። የእንግሊዞቹ የሲቪል አቪየሽን ሚኒስቴር በ1953 ከትራንስፖርት ጋር ተዳበለ፤ በ1959 የአቪየሽን ሚኒስቴር መጣ፤ በ1966 ሂትሮውንና ጋትዊክን የብሪታንያ ኤርፖርቶች ባለሥልጣን ተረከበ፤ በ1987 እሱም ወደ ግል ዞረ። መሥሪያ ቤቶቹ የሉም። ስማቸው ግን አርማው ላይ እንደተቀረጸ በጡረተኛው እሳት አደጋ ሠራተኛ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአዝራርና ከቁልፍ ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጧል።

«እሺ፣ የከተማውን እሳት አደጋ ለምን አትሰበስብም?»

የከተማውን ሰብሳቢ ሞልቶታል። የኤርፖርቱ ሰው ግን በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት መንደርደሪያው የትኛውም ጫፍ ላይ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መድረስ አለበት፤ ከተቻለም በሁለት። ሚያዝያ 8 ቀን 1968 (በእነሱ አቆጣጠር) ከሂትሮው የተነሣ የእንግሊዙ አየር መንገድ የቢኦኤሲ ቦይንግ 707 ሞተሩ በእሳት ተያይዞ፣ አየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። አውሮፕላኑ እየነደደ ተመልሶ አረፈ። ከ127 ሰው 122ቱ ተረፉ። አስተናጋጇ ባርባራ ጄን ሃሪሰን ተሳፋሪ ስታስወጣ ቆይታ እዚያው ቀረች፤ ከሞተች በኋላ የጆርጅ መስቀል ተሸለመች። የባለሥልጣኑን አርማ በያዝኩ ቁጥር ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። አንተ ብረት በለው!

«ቢያንስ ወልውለው እንጂ፣ ጠቁሯል!»

አንተ የአያትህን ሽበት ጥላሸት ትቀባለህ? ናስ በመወልወያ በታሸ ቁጥር ፊደሉ ይፋቃል። ደግሞ ወሬው ያለው ከፊቱ ብቻ አይደለም፤ ገልብጠው። ቆቡ ላይ የሚሰካው ዘንግ ጎበጥ ብሏል፣ ብየዳው ሥር አሮጌ ዝገት አለ፤ ይኼ ቆብ ላይ የዋለ ነው። አስመስለው በቅርጽ ያፈሰሱት ግን ገጹ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ፊደሉ የደበዘዘ ነው፤ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር መጠኑም ከዋናው ጥቂት ያንሳል። ማስመሪያ ይዘህ ሂድ።

«ታዲያ መቼ ነው የሚበቃህ?»

የንጉሥ ዘውድ ያለበት የሲቪል አቪየሽን ሚኒስቴር አርማ ይቀረኛል። አጎትህ ለንደን አይደል የሚኖረው? እሁድ አሮጌ ዕቃ ገበያ ብቅ ይበልልኝ፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ጀርባውን ሳያይ ግን እንዳይከፍል!