አንድ ወረቀት፣ ሁለት ፊደል

ዴምን የሚያውቅ ያውቃታል። ካርቱም መሀል ሆነህ አማርኛና ትግርኛ እየሰማህ የምትሄድባት፣ የቡናና የእጣን ሽታ በየደጁ የሚቀበልህ ሰፈር ነበረች፤ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፈንድቶ ሰዉን ከመበተኑ በፊት ማለቴ ነው። የምነግራችሁ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ያለውን፣ የደህናውን ጊዜ ወሬ ነው።

እትዬ የምንላቸው የሰፈራችን እናት ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። የጥሪውን ወረቀት ለእኔ ሰጡኝ። "ልጄ፣ ግማሹ በእኛ ፊደል፣ ግማሹ በአረብኛ ይሁን፤ ግን በአንድ ወረቀት። አብረን እየበላን ኖረን፣ ለጎረቤቶቻችን የብቻ ወረቀት አልሰጥም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እዚያ ሰፈር ሱዳናዊው ጎረቤት ለለቅሶህም ለደስታህም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር።

አማርኛውን በአንድ ወዳጄ ላፕቶፕ ላይ ጽፌ፣ በፍላሽ ይዤ፣ ላትመው ሪክሻ ተሳፍሬ ወደ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ፋይሉ ሲከፈት ግን አማርኛ የለም፤ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለው ኮምፒዩተር ፊት ስታደርሰው ጭምብሉ ይወልቅና ላቲኑ ይወጣል። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም "ኒያላ" የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ኢንተርኔት ቤቱ የነበረው ደግሞ ከቪስታ የቀደመው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ እሱ ላይ በዩኒኮድ ብትጽፍም የምታየው የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነው።

ፎንቱን አውርደው ትሉኛላችሁ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1997 ሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ 2017 ቆይቷል፤ በዚያ ዘመን ካርቱም ተቀምጦ ፕሮግራም ላውርድ ያለ ሰው ብዙው በር ተዘግቶ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ፎንት እንደ በርበሬና እንደ ሽሮ ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ኪስ ነበር የሚገባው። ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ፍላሽ ላይ ተገኘና ጫንኩት። የወዳጄ ላፕቶፕ ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም ጥሪውን እንደገና ከመጀመሪያው መጻፍ ነው እንግዲህ።

በምን? ማሽኑ ላይ የቀረው ዎርድፓድ ብቻ ነው፤ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ በነፃ ተያይዞ ይመጣ የነበረው። ደብዳቤ ለመጻፍ ክፉ አይደለም። ገጹን ለሁለት የሚከፍል ዓምድ ግን የለውም፣ ሠንጠረዥም አይሠራልህም። በታብ እያራራቅኩ አማርኛውን ግራ፣ አረብኛውን ቀኝ ላደርግ ሞከርኩ። አንዱ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ የሚነሳ ጽሑፍ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የአረብኛው ነጥብ ከመጨረሻው ሸሽቶ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። አንዱን ስታቃና ሌላው ይጎብጣል።

ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ማተም መጣልኝ። አማርኛውን የቀኙን ማርጂን እስከ ወረቀቱ አጋማሽ አስፍቼ ለብቻው፤ አረብኛውን ደግሞ የግራውን አስፍቼ በሌላ ፋይል። መጀመሪያ አማርኛው ይታተማል፣ ያው ወረቀት ተመልሶ ይገባል፣ አረብኛው ባዶው ጎን ላይ ያርፋል። አማርኛውን ጨርሼ የሙሽሮቹን ስም ላደምቅ ስል ድው! መብራት ጠፋ። "ከህረባ የለም!" አለ አንዱ ተማሪ፤ የሚያውቀውን ነገር ለሚያውቁ ሰዎች። ዎርድፓድ በራሱ ሴቭ አያደርግም። ጨለማው ውስጥ፣ ያ ሁሉ ፊደል የነበረበትን ጥቁር መስታወት እያየሁ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ምንም ሳይሉ ሻይ አዘዙልኝ፤ ያን ሻይ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

መብራቱ ሲመለስ በየመስመሩ ሴቭ እያደረግኩ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ አማርኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አረብኛው በራሱ ተዘቅዝቋል። ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች በሙሉ ከበቡኝ። አንዱ ወረቀቱን እያዟዟረ ያነባል፣ አንዱ የሙሽራዋን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል፣ አንዱ "መብሩክ!" ይለኛል፤ ሙሽራው እኔ መስያቸው። ጆሮዬ ጋለ። የቤቱ ባለቤት ግን ፕሪንተሩን ከፍቶ፣ ወረቀት በየት በኩል ገብቶ በየት ፊት እንደሚወጣ በእርሳስ ምልክት አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ እሱ እያጎረሰ፣ እኔ እየተቀበልኩ ጨረስነው። መስመሮቹ እዚህም እዚያም ትንሽ ተዛንፈዋል። ሁለቱ ፊደሎች ግን ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ ለእኔ ከማተሚያ ቤት ካርድ ይበልጥብኛል።

ማይክሮሶፍት በ2024 ዎርድፓድን ከዊንዶውስ 11 አውጥቶታል። ብዙ ሰው አላዘነለትም፤ እኔ ግን ከእሱ ጋር የታገልኩትን ትግል ከብዙ ደህና ፕሮግራም አስበልጬ እወደዋለሁ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን እዚያ ቤት ጎራ ስል፣ ባለቤቱ የአንድ እቁብ ማስታወቂያ በሁለት ፊደል እያተመ አገኘሁት። ፎንቱን ሁሉም ማሽን ላይ ጭኖታል፣ ማርጂኑንም በቃሉ ይዞታል። አማርኛ አንድ ፊደል አይለይም። ወረቀቱ ተዘቅዝቆ እንደሆነ በምን እንደሚያውቅ ጠየቅኩት። ጣቱን አራት ነጥቡ ላይ አሳረፈና "ይሄ በቀኝ በኩል ከሆነ ልክ ነው" አለኝ።