ውሃ ሲያንቅ በምን ይዋጣል?

ዘንድሮ ውሃ መጠጣትም ሙያ ሆነ። አንድ ብርጭቆ ለማንሳት ትንሽ ኬሚስትሪ፣ ትንሽ ሕክምና፣ ትንሽ የቧንቧ ሥራ ማወቅ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አውቀህ ብርጭቆውን ስታነሳም አጠገብህ የተቀመጠው ሰው «አንተ ይሄን ትጠጣለህ?» ብሎ ያሳቅቅሃል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ፖለቲካ ዝም የሚል ሰው ሞልቷል፤ ስለ ውሃ አስተያየት የሌለው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ ከታሸገ በቀር አልቀምስም ይላል። ሌላው የታሸገውን «የላስቲክ ጭማቂ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። አንዷ ጠዋት በባዶ ሆድ ለብ ያለ ውሃ በሎሚ ካልጠጣህ ጉበትህ አለቀለት ትላለች፤ እህቷ ደግሞ ሎሚው ጨጓራህን ይልጠዋል ትላለች። ከፀበል በቀር ጤና የሚሰጥ ውሃ የለም የሚሉ እናቶችም አሉ። ከእነሱ ጋር መከራከር ነውር ስለሆነ «አሜን» ብሎ ማለፍ ነው።

የሰሞኑ ወረት አልካላይን የሚሉት ነው። ፒኤቹ 9 ወይም 9.5 የሆነ ውሃ ጠጣ፣ ደምህ ከአሲድ ይጸዳል፣ ካንሰር አይነካህም፣ ስኳርህ ይወርዳል ይሉሃል። ይህን የሚነግሩህ በቴሌግራም የሰሙትን የሚደግሙ ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ፤ ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉም አሉበት። የጨጓራችን አሲድ ፒኤች 2 ገደማ ነው። ያ ውድ ውሃ ጉሮሮን አልፎ እዚያ ሲደርስ አልካላይንነቱ በዚያው ያበቃለታል። ደም ደግሞ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ የሚኖረው ሳንባና ኩላሊት ሌት ተቀን ስለሚሠሩ ነው፤ ውሃው እዚያ ቤት ሥልጣን የለውም። በጠጣነው ነገር ደማችን እንዲህ በቀላሉ አሲድ የሚሆን ቢሆን ኖሮ፣ ሠርግ ላይ ጠጅ የደጋገመ ሁሉ በማግሥቱ ድንገተኛ ክፍል ይሰለፍ ነበር።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የማጣሪያ ሻጩ ትርዒት ነው። መሥሪያ ቤታችን የመጣው ልጅ ከረባት አስሯል፣ ጥቁር ሻንጣ ይዟል፣ ሥነ ሥርዓትም አለው። «አምስት ደቂቃ ብቻ ጋሼ» ብሎ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ፤ በአንዱ የእኛን የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው በእሱ መሣሪያ የተጣራ ውሃ ሞላ። ቀጥሎ የብረት ዘንጎች ያሉት፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር አውጥቶ ሁለቱም ውስጥ ነከረ። ብዙም ሳይቆይ የቧንቧው ውሃ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ ላዩ አረፋ ደፍቆ ከታች አረንጓዴ ጭቃ ዘቀጠ። የእሱ ብርጭቆ እንደጠራ ቆሟል። «በየቀኑ ለልጆቻችሁ የምታጠጡት ይሄንን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን «ወይኔ ልጆቼን!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ያ ጭቃ ከውሃው የወጣ አይደለም፤ ከራሱ ከዘንጉ የተበላ ብረት ነው። የቧንቧ ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌላም ማዕድን ስላለበት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ብረቱ ይበላል፣ ዝገቱም ውሃውን ያደፈርሰዋል። ማዕድኑ ተጠርጎ የወጣለት ውሃ ግን ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ ዘንጉ አይነካም። በዚያ በጠራው ብርጭቆ ውስጥ ቁንጥር ጨው ጣል ብታደርግበት እሱም ልክ እንደኛው ይጨቀያል። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ባልደረቦቼ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ሰምተውኝ ሲያበቁ ሁለቱ በየወሩ የሚከፈል ውል ፈረሙ። በዓይን የታየ ጭቃን በአፍ ማስተባበል አይቻልም።

ልጁ እስክሪብቶ የምታህል፣ ቁጥር የምታሳይ መሣሪያም ነበረችው። ቁጥሯ ከፍ ካለ ውሃው «መርዛም» ነው ይላል። መሣሪያዋ የምትለካው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በጥቅሉ ነው፤ ታይፎይድ ይኑርበት ጃርዲያ ፈጽሞ አታውቅም። አምቦ ውሃ ውስጥ ብትነክራት ቁጥሯ ጣሪያ ይነካል፤ አምቦ ደግሞ ከ90 ዓመት በላይ ሲታሸግ፣ እኛም ከጥሬ ሥጋ በላይ ስንከልስበት ኖረናል። ግፊት ያለበትና ሐኪም ጨው ቀንስ ያለው ሰው አምቦ ውስጥ ሶዲየም እንዳለ አውቆ ልኩን ቢያደርግ ደግ ነው። ይህን ግን ማንም ከረባት አስሮ መጥቶ አይነግረውም።

እሺ፣ የታሸገውን እንጠጣ። የታሸገውስ ሰላም ይሰጣል? ሱቁ በር ላይ ካርቶኑ በካርቶን ተደርቦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ሃይላንዱ ሲሞቅ ከፕላስቲኩ ወደ ውሃው የሚወርድ ኬሚካል ይጨምራል፤ እውነት ነው፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ረጅም ጊዜ በሙቀት የቆየ ውሃ አይመከርም። የሚያስቀው፣ ያንኑ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያልታከመ ውሃ ሞልታችሁ ጠራራ ፀሐይ ላይ 6 ሰዓት አስቀምጡት፣ ሰማዩ ደመና ከሆነ 2 ቀን፣ ጀርሙ ይሞታል የሚለው ምክርም እውነት ነው። በዓለም ብዙ ገጠር ይሠራበታል። ጠርሙሱ አንድ፣ ፀሐይዋ አንድ፤ እዚህ መርዝ፣ እዚያ መድኃኒት። ሁለቱንም ምክር በአንድ ቀን የሰማ ሰው ምን ይሁን? በ2024 ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ በአማካይ 240,000 ገደማ የፕላስቲክ ቅንጣት አገኘን አሉ። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። እስኪጠና እየጠጣን እንጠብቃለን።

ቢሮ ውስጥ ያለው ባለ 20 ሊትሩ ጃርስ? እሱማ የታሸገ ውሃ በወጉ ተሸክሞ ይመጣል። የሚያሳዝነው የሚሰካበት ዕቃ ነው። ውስጡን ያጠበ ሰው አላየሁም፤ የጃሩን አንገት ደግሞ ከመኪና የሚያወርደው ልጅ በዚያው መኪና በነካ እጁ ጨብጦ ይሰካዋል።

የእንግዳው ነገር ለብቻው ራስ ምታት ነው። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ከእንስራ ቀድቶ ማቅረብ ክብር ነበር። አሁን የተቀዳ ውሃ ካቀረብክ እንግዳው ብርጭቆውን በዓይኑ ይመረምርና «ይቅርብኝ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ስለዚህ ጠርሙሱን እሱ ፊት አምጥተህ፣ ክዳኑ ቀጭ ሲል እየሰማ መክፈት አለብህ። ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችንማ ጥርሳቸውን እንኳ የሚቦርሹት በታሸገ ነው። አይፈረድባቸውም፣ ሆዳቸው የእኛን ውሃ ስላልለመደ ነው። ግን ከእነሱ አንዷ፣ የአክስቴ ልጅ፣ በታሸገ ውሃ ተጉመጥሙጣ ስታበቃ ምሳ ላይ በቧንቧ ውሃ የታጠበ ሰላጣ፣ ከጎኑ ክትፎ ለብ ለብ ታዝዛለች። ማታ ሆዷን ይዛ «ውሃችሁ ነው!» ትላለች።

አፍልቶ መጠጣትስ? እሱ የማይታማ ነው፤ ባክቴሪያውንም ቫይረሱንም ጃርዲያውንም ይጨርሳል። ክርክሩ የሚነሳው ምን ያህል ይፍላ በሚለው ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ ይላል። ሦስት ደቂቃ ብቻ! እኛ ቤት ግን ድስቱ ግማሽ እስኪጎድል ካልተንተከተከ «አልበሰለም» ይባላል። መብራቱ ይጠፋል፣ ከሰሉ ይወደዳል፣ ውሃው ግን መንተክተኩን አይተውም። ከዚያ ያ ሁሉ ማገዶ የተቃጠለበት ውሃ የት ይገባል? አንገቱ ጠቦ እጅ የማያስገባ፣ በመወዝወዝ ብቻ የሚታጠብ ጄሪካን ውስጥ። ከጄሪካኑ ወደ ባልዲ፣ ከባልዲው በኩባያ፣ ኩባያዋን ደግሞ ከጓሮ ጭቃ አቡክቶ የመጣ ልጅ ይነክራታል።

በነገራችን ላይ «የትኛው ውሃ ጤናማ ነው?» የሚለውን ጥያቄ የመጠየቅ መብት ያላቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ግን ቦሌ ካፌ ተቀምጠው ስለ አልካላይን አያወሩም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ ዙሪያ ከብዙ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ለአፍም የሚጥም ነው። በውስጡ ግን ፍሎራይድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሆኖ ሳለ፣ እዚያ የዚያ ብዙ እጥፍ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። በዚያ ውሃ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ለዓመታት ሲጠጣው የኖረ ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው ይደድራል፣ ጎንበስ ማለት ይቸግረዋል። ማፍላት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር መጠኑ ይብሳል። ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን መድኃኒትም አይነካውም። ተቃጥሎ በተፈጨ አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ ያስቀረዋል፤ ያ ከረባታሙ ልጅ የሚሸጠው ዓይነትም ያስቀረዋል። ሻንጣውን ይዞ ወደዚያ ሲሄድ ግን አላየሁትም።

እኛ አዲስ አበቤዎች ጋ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚወጣው። ችግሩ የሚጀምረው ከወጣ በኋላ ነው። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ቧንቧው አብዛኛውን ቀን ባዶውን ይተኛል። ግፊት የሌለው ቧንቧ ስንጥቅ ካለው ደግሞ ከውጭ ያለውን ይስባል፤ ከጎኑ የሚያልፈው የቆሻሻ መስመር ከሆነ የሚስበው ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ለዚያ ነው ፈረቃችን ደርሶ መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ አየር፣ ከዚያ ሻይ የመሰለ ውሃ የሚመጣው። መኝታ ክፍል የሚደርሰውን ያንን የሳል ድምፅ ሰምቶ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብድግ ያላለ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ካለ እድለኛ ነው።

ውሃው በየቀኑ ስለማይመጣ ደግሞ ሮቶ ያስፈልጋል። እስቲ መሰላል አስደግፋችሁ የራሳችሁን ሮቶ ክዳን አንሱት። ግድግዳው ላይ የሚያሟልጭ አረንጓዴ፣ ታች ጣት የሚያሰጥም ደለል፣ ላዩ ላይ የእርግብ ላባ፤ ክዳኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ገብቶ መውጣት ያቃተው በረሮ። ይህንን የሚጠጣ ቤተሰብ ነው ፒኤች 8 ይሻላል 9 እያለ የሚሟገተው። ይባስ ብሎ ውሃው ክሎሪን ክሎሪን ሲሸት «በረኪና ጨመሩበት!» ብለን እንደፋዋለን። ከቧንቧችን ሲቀዳ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ተርፎ መገኘት አለበት፤ ያ ሽታ በመንገድ ላይ የገባውን ጀርም የሚጠብቅልን ዘበኛ ነው። የሽታው መጥፋት ነው የሚያስፈራው። ሽታውን የጠላ ሰው ክዳኑን ገልጦ ቢያሳድረው ይለቀዋል።

የታሸገው ውሃ ጠርሙስ ላይ ከፏፏቴው ሥዕል ሥር፣ መነጽር ያደረገም በማያነበው ፊደል፣ ካልሲየም ይህን ያህል፣ ፖታሲየም ይህን ያህል፣ ሰልፌት ይህን ያህል እያለ ይዘረዝርልኛል። ሰልፌቱን ምን አደርገዋለሁ? እኔ የምፈልገው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ የሠፈሬ ቧንቧ ውስጥ በዚህ ሳምንት ስንት ክሎሪን ተረፈ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥስ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ባክቴሪያ ተገኘ ወይስ ዜሮ ነው? ይህንን የሚመረምሩ ባለሙያዎች አሉ፣ ናሙናም ይወሰዳል። ውጤቱን እኛ አናየውም እንጂ። ወረዳው በር ላይ ያለው ሰሌዳ ለመዋጮና ለስብሰባ ጥሪ ቦታ አጥቶ አያውቅም፤ ለሁለት ቁጥርም አይጠበውም። እስከዚያው ነገ ፈረቃችን ነው፤ ሮቶውን ማን ይጠብ በሚለው ላይ ግን ግቢው ገና አልተስማማም። ምድር ቤት ያሉት «ላይ ያላችሁ እጠቡ» ይላሉ፣ ላይ ያሉት ደግሞ ውሃው እኛ ጋ መቼ ደረሰ ይላሉ።