ሶሻል ሆኖ ሳይንስ መውሰድ

11ኛ ክፍል ላይ «ሶሻል» የሚገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ ታሪክን ወድዶ ሳይሆን ፊዚክስን ሸሽቶ ነው። ሽሽቱ ግን ሩቅ አያደርሰውም። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ማትሪክስና ዴሪቬቲቭ ያለበት «ማትስ ፎር ሶሻል» ግቢው በር ላይ ይጠብቀዋል፤ «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ» የሚባለውም ከጎኑ ቆሟል። በዚህ በኩል አሜሪካ ያሉት ይቀናባቸዋል። እዚያ የሶሻል ተማሪ የሳይንስ ኮርስ ውሰድ ቢባልም አብዛኛውን ጊዜ መርጦ ነው፤ ተማሪዎቹም አንዱን «ፊዚክስ ለገጣሚዎች»፣ ጂኦሎጂውን ደግሞ «ድንጋይ ለስፖርተኞች» እያሉ ይቀልዱበታል። እኛ ዘንድ ገጣሚውም ስፖርተኛውም እኩል ዴሪቬቲቭ ይሠራል።

ምርጫው ለኛም ይሰጠን ባይ ነኝ። ችግሩ፣ ምርጫ የተሰጠው ፍሬሽ መጀመሪያ ሲኒየሩን «የቱ ነው ኤ የሚገኝበት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ከዋክብት ስለሚያምሩ ብቻ ወደ አስትሮኖሚ ይወስደውና ኬፕለር ከነቀመሩ ብቅ ሲል ላብ ያጠምቀዋል። ለሶሻል ተማሪ የሚቀርበው ሳይንስ፣ ጥያቄውን ከክፍል በፊት በአፍንጫው የሚያውቀው ነው። ለዚህ ደግሞ ሞጆን የሚያህል ምስክር የለኝም። በቆዳ ፋብሪካዎቿ አጠገብ የሚያልፍ ተሳፋሪ መስኮቱን ይዘጋል እንጂ የኬሚስትሪ ትምህርት አመለጠኝ ብሎ አያዝንም። ጨው የጠጣው ቆዳ ታጥቦ ኖራና ሰልፋይድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ የሚለቀው ያኔ ነው። ያ ሰልፋይድ በኋላ አሲድ ካገኘው የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣዋል። ከዚያ ክሮሚየም ይገባል፣ ቆዳውም ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። «ክሮሚየም መርዝ አይደለም እንዴ?» የሚል የሕግ ተማሪ ካለ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። ለማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም 3 ነው፤ ክፉው ክሮሚየም 6 ነው። ያው ንጥረ ነገር ተጨማሪ ሦስት ኤሌክትሮን ስላጣ ብቻ ጠባዩ ይከፋል። ኦክሲዴሽን ነምበር ተብሎ በሰንጠረዥ ሲመጣ ያስለቀሰን ጉድ ይኸው ነበር። ነገ የፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳይ ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆመው ጠበቃ ይህን ካላወቀ ምኑን ይከራከራል?

«ሒሳብ የሌለበት ሳይንስ ወግ ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። በወግ ውስጥ ሆኜ ወግን ማጣጣል ይከብደኛል፤ ግን ሒሳብ ይቅር ያለ የለም። ከሞጆ ወደ ስምጥ ሸለቆው በተወረደ ቁጥር የእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይዱን ለጉድጓድ ውሃ ያካፍላል፤ የወንጂ ነዋሪዎች ጥርስ ይህን ከማንም በፊት አውቆታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። 6 ሚሊ ግራም ያለበት ጉድጓድ ቢገኝ፣ አንዱ ሊትር በስንት ሊትር ፍሎራይድ አልባ ውሃ ይቀጥን? በሦስት። ይህን ሒሳብ ነው ብሎ የሚሸሽ ሶሻል የለም፤ ሱቅ ተልኮ መልስ እየቆጠረ ያደገ ነው።

ምርጫው «ኤ ማደያ ይሆናል» የሚለው ስጋት ግን የሚናቅ አይደለም። ነገሩ አሁንም በእጃችን አለ፤ «ሳይንስ አልሆነልኝም» የሚለው ተማሪ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ» በሚባለው ኮርስ የዐለቱን፣ የአየር ንብረቱንና የአፈሩን ነገር ቸክሎ ጥሩ ውጤት ይዟል። ሳይንስ መሆኑን የነገረው የለም፤ ፈተናውም ምረጥ ብቻ ስለነበር እሱም አልጠረጠረም። ስለዚህ ፈተናው ይለወጥ። ለምሳሌ፣ ጅቡቲ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሞጆ ግን በ94 አካባቢ ያፈላዋል፤ ታዲያ ባቄላው የት ይዘገያል፣ ለምን? ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የግቢው ካፌ ምስሩ ጥሬ በሆነ ቁጥር ከፍታውን ሰበብ ማድረጉን እንግዲህ ታገሱት።